ያውቁ ኖሯል? ጉንፋን ያልሆነው የአፍንጫ ውሃ

ደባርቅ ላይ በማለዳ አፍንጫው የማይፈስ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ የጋቢ ጫፍ መሀረብ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው «አፍንጫዬ ውሃ ውሃ ይላል» ሲል የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው። «ብርድ ነው»፣ «ሳይነስ ነው»፣ «ምች ነው፤ ዳማከሴ ጨምቅበት» ይሉታል። ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። የዛሬው ዓምዳችን ግን መልሱ ይህ ያልሆነበትን ጊዜ ይመለከታል።

ያውቁ ኖሯል?

… ከአፍንጫ የሚወርድ ውሃ ሁሉ ከአፍንጫ የመነጨ አይደለም። አንዳንዱ የሚመጣው ከአንጎል ዙሪያ ነው።

… አንጎላችን የተቀመጠው ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ ነው። የአዋቂ ሰው አንጎል ሚዛን ላይ ቢወጣ 1,400 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በፈሳሹ ውስጥ ሳለ ግን ክብደቱ 50 ግራም ያህል ብቻ ይሆናል። በገዛ ክብደቱ እንዳይጎዳ የሚጠብቀው ይኸው ውሃ ነው። ውሃው ሲጎድል አንጎል ወደ ታች ይሳባል። ቁጭ ወይም ቀጥ ሲሉ የሚነሳ፣ ጋደም ሲሉ የሚተው ራስ ምታት አንዱ ምልክቱ ነው።

… ይህ ውሃ በማናቸውም ሰዓት ቢለካ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ሁለት ሲኒ ቡና ማለት ነው። ሰውነት ግን በየቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል አዲስ ይሠራል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። ለዚህ ነው ቀዳዳ ካገኘ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሲፈስ የሚኖረው።

… ማጅራት ገትር የተጠረጠረ ሕመምተኛ ከወገቡ የሚቀዳለት «የጀርባ ውሃ» እና ይህ ከአፍንጫ የሚንጠባጠበው አንድ ፈሳሽ ናቸው። አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የሚያጥበው ውሃ አንድ ነው። በመርፌ ከወገብ የመቅዳቱን ዘዴ በ1891 እ.ኤ.አ. ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ሄንሪክ ኩዊንከ ነበር።

… የአፍንጫ ጣሪያና የአንጎል ወለል ጎረቤቶች ናቸው። በመካከላቸው ያለው አጥንት በላቲን የተሰየመው በወንፊት ነው። ስሙም ይገባዋል፤ እንደ ዱቄት ወንፊት የተበሳሳ ነው። በእነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከአፍንጫ ወደ አንጎል የሚያልፉት የማሽተት ነርቮች ናቸው። ቡና ሲቆላ ጠረኑ ከጓዳ ወደ እርስዎ የሚደርሰው፣ ዕጣን ሲጤስ በዓል መሆኑን ዓይንዎን ሳይገልጡ የሚያውቁት በዚህ ወንፊት በኩል ነው። ከወንፊቱ ጎን ያለው ስስ ግድግዳ በየቦታው ከ0.05 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት አለው። የደብተር ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በአንጎልና በውጭው አየር መካከል በአንዳንድ ቦታ ያለው መከላከያ፣ ሽፋኖቹን ካልቆጠርን፣ ከወረቀት የሳሳ አጥንት ነው።

… ይህን ወንፊት የተመለከቱ የጥንት ሊቃውንት፣ ከእነሱም ገሌን፣ ንፍጥ ማለት ከአንጎል የሚጣል ቆሻሻ ነው ብለው አስተምረዋል። ትምህርቱ ከ1,400 ዓመት በላይ ቆየ። ያፈረሰው በ17ኛው መቶ ዘመን በዊተንበርግ ያስተምር የነበረው ኮንራድ ሽናይደር ነው። ንፍጥ የሚሠራው እዚያው የአፍንጫ ሽፋን ላይ እንደሆነ አሳየ። የጥንት ግብፃውያን ሬሳ ሲያደርቁ አንጎልን በመንጠቆ ያወጡት በዚሁ በአፍንጫ በኩል፣ ይህንኑ አጥንት ሰብረው ነበር።

… ከአፍንጫ የአንጎል ውሃ ከሚፈስሳቸው ሰዎች አብዛኞቹ፣ ከአሥሩ ስምንቱ ያህል፣ ምክንያታቸው ራስ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ለጎንደር ደጋ ሰው ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልግም። ሽመል አለ፤ በሠርግና በገበያ መልስ፣ በድንበርና በግጦሽ ጠብ የሚፈነከት አለ። ከበቅሎ የሚወድቅ፣ ገደል የሚንሸራተት፣ ከጣራ የሚወድቅ አለ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ባጃጅ አለ። ከደባርቅ ቁልቁል በጣሊያን ዘመን የተቀደደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። የተፈነከተ ሰው ግንባሩ ላይ ያለው ቁስል ተሰፍቶ፣ ድኖ፣ ክሩ ወጥቶ ሊረሳ ይችላል። የማይታየው ስንጥቅ ግን ከዓይን በስተጀርባ፣ ከአፍንጫ በላይ ይቀራል።

… ከአደጋ በኋላ የሁለቱም ዓይኖች ዙሪያ እንደ ኩል ከጠቆረ፣ ወይም ከጆሮ ጀርባ ያለው ቆዳ ከበለዘ፣ ዓይንና ጆሮው ራሳቸው ባይመቱም የራስ ቅል ወለል መሰንጠቁን ያመለክታል። እንዲህ ላለ ሰው በአፍንጫ በኩል ቱቦ ማስገባት አይፈቀድም። ቱቦው በስንጥቁ ወደ አንጎል ሊገባ ይችላል።

… ሳይመቱም ሊፈስ ይችላል። በጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ወንፊቱን ቀስ በቀስ ያሳሳዋል፤ አንድ ቀን ይበሳል። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ክብደታቸው ከፍ ያለ ሴቶችን ነው። ብዙዎቹ ስንት ዓመት ሙሉ የአለርጂ መድኃኒት ሲወስዱ ይኖራሉ።

… ነገሩን ከሁሉ ቀድሞ የሚገልጠው ጎንበስ ማለት ነው። ሰው ተኝቶ ወይም ቀና ብሎ ሳለ ፈሳሹ ከአፍንጫ በስተኋላ ባሉ የአጥንት ክፍተቶች ውስጥ ይጠራቀማል። ጎንበስ ሲል ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንደኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ጠብ፣ ጠብ ይላል። በደጋ ሰው ኑሮ ደግሞ ጎንበስ ሳይባል የሚያልፍ ቀን የለም። ገብስ ሲታጨድ፣ ሊጥ ሲቦካ፣ እሳት እፍ ሲባል፣ ሕፃን ሲታጠብ። በሰሙነ ሕማማት ግንባር መሬት በሚነካበት ስግደት፣ በመስጊድም በሱጁድ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ የሚወድቀው ጥርት ያለ ጠብታ እንባ ላይሆን ይችላል። እንቅልፍ ላይ ደግሞ ወደ ጉሮሮ ይወርድና ጨው ጨው፣ አንዳንዴም ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይተዋል። በእኔ እምነት በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች «ጎንበስ ስትይ በአንድ በኩል ይንጠባጠባል? ከዚያ በፊት ጭንቅላትሽን ተመትተሽ ነበር?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ቢለምዱ ብዙ ሰው ከዓመታት ስቃይ ይተርፋል። ጥያቄዎቹ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቁም።

… ነጠላ ራሱ ይመሰክራል። ንፍጥ የተጠረገበት ጨርቅ ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይቆማል። የአንጎል ውሃ የነካው ግን እንደ ተራ ውሃ ደርቆ ጨርቁ ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። ከአደጋ በኋላ ከደም ጋር ተቀላቅሎ ሲወርድ ደግሞ በነጭ ጨርቅ ላይ ቀለበት ይሠራል፤ ደሙ መሐል ላይ ይቀራል፣ ጥርት ያለው ውሃ ዙሪያውን ይሰፋል። ቀለበቱ እንዴት እንደሚፈጠር ለማየት እኔ ቤት ውስጥ በርበሬ በውሃ በጥብጬ ሶፍት ላይ አንድ ጠብታ ጣልኩ። ቀዩ መሐል ላይ ተቀመጠ፤ ውሃው ግን ወረቀቱን እየጠጣ ዙሪያውን ሰፋ፣ ጠርዙም ጥርት አለ። ይህ ሙከራ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ቀለበቱን ተራ ውሃም፣ ምራቅም፣ እንባም ከደም ጋር ሲቀላቀሉ ሊሠሩት ይችላሉ። ስለዚህ ቀለበት ማየት ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምክንያት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

… በስኳር መለኪያ ወረቀት መሞከርም አያስተማምንም፤ እንባና ንፍጥ ውስጥም ስኳር ይገኛል። የሚያረጋግጠው ቤታ 2 ትራንስፈሪን የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በንፍጥ ውስጥ አይገኝም፤ በአንጎል ውሃ ውስጥ ግን አለ። ጥቂት ጠብታ በንጹሕ ብልቃጥ ይዞ መምጣት ይበቃል። ቀዳዳው የት እንዳለ የሚያሳየው ደግሞ በስስ በስሱ እየተከፈለ የተነሳ ሲቲ ስካን ነው።

… አደጋው ውሃው መጉደሉ ብቻ አይደለም። ውሃ የወጣበት መንገድ ለጀርም መግቢያ ነው። ጎንደር የምትገኘው ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው «የማጅራት ገትር ቀበቶ» ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ነው። በ1981 እና በ1989 እ.ኤ.አ. አገራችንን ያጠቃትን ወረርሽኝ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ያ የወረርሽኙ ማጅራት ገትር ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በበጋ ወራት የሚነሳ ነው። በተበሳው አጥንት በኩል የሚመጣው ግን የዚያ ሰው ብቻ ነው፤ አዘውትሮ የሚያመጣው አፍንጫ ውስጥ የሚኖረው ኒሞኮከስ የተባለ ጀርም ነው። አንድ ሰው ማጅራት ገትር ታሞ ድኖ፣ እንደገና ታሞ እንደገና ከዳነ፣ የሆነ ቦታ ያልተደፈነ ቀዳዳ አለ ብሎ መጠርጠር ይገባል። የኒሞኮከስ ክትባት በኢትዮጵያ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ አብዛኛው ሰው አላገኘውም።

… ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አሞክሳሲሊን ቀዳዳ አይደፍንም። ዳማከሴም ሆነ ሌላ ጭማቂ በዚህ አፍንጫ ውስጥ መጨመር ቆሻሻን ወደ አንጎል ሽፋን ማቅረብ ነው። ጨርቅ መወተፍም እንዲሁ።

… ደስ የሚለው ግን ከአደጋ በኋላ የሚፈሰው አብዛኛው በራሱ ይቆማል። ራስን ከፍ አድርጎ ተኝቶ፣ ሳይናፈጡ፣ ሳያምጡ ቢቆዩ ስንጥቁ በአንድ ሳምንት ገደማ ይዘጋል። ካልቆመ፣ ወይም ቆሞ ከወራት በኋላ ከተመለሰ፣ መደፈን አለበት።

… ይህን ቀዳዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የደፈነው ዋልተር ዳንዲ ነው፤ በባልቲሞር፣ በ1926 እ.ኤ.አ.። ግንባርን ከፍቶ፣ አንጎልን ወደ ላይ ገፍቶ፣ ከጭን በተወሰደ ጅማታዊ ሽፋን ጣፈው። መንገዱ ሠራ፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። በዚህ መንገድ የታከሙ ብዙ ሰዎች ማሽተት አጡ፤ ነርቮቹ በወንፊቱ ላይ ስለሚያልፉ አንጎል ሲነሳ ይበጠሳሉ። በ1948 ስዊድናዊው ጉስታ ዶልማን በዓይንና በአፍንጫ መካከል ቆዳ ቀዶ ከታች መጣበት። በ1952 ኦስካር ሂርሽ በአፍንጫ ቀዳዳ ራሱ ገባ። ሂርሽ ቪየና ተምሮ፣ ከናዚ ሸሽቶ ቦስተን የገባ ሐኪም ነበር። በ1981 ጀርመናዊው ማልቴ ቪጋንድ በኢንዶስኮፕ እያየ ደፈነው። ሀምሳ አምስት ዓመት ውስጥ ግንባር ከመክፈት በአፍንጫ ቀዳዳ ገብቶ በኢንዶስኮፕ እያዩ ወደ መድፈን ተደረሰ።

… ኢንዶስኮፑ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ነው፤ ከእርሳስ የቀጠነ። በውስጡ የተደረደሩትን የመስታወት ዘንጎች ያፈለቀው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ ነው። ጫፉ ቀጥታ የሚያይ አለ፤ ወደ ጎን፣ ማዕዘን አዙሮ የሚያይም አለ። ከአፍንጫ ቀዳዳ እስከ ወንፊቱ ያለው ርቀት 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የጣት ርዝመት ማለት ነው።

… ቀዶ ሕክምናው ላይ ስክሪኑን ብናይ የሚታየው እንዲህ ነው። ሮዝ፣ ርጥብ ዋሻ። ሐኪሙ የአፍንጫውን ግድግዳ እየታከከ ወደ ላይ ይወጣል። ጣሪያው ላይ አንድ ቦታ ከደሙ መሐል ጥርት ያለ ክር ይወርዳል፤ ደሙን እያጠበ መስመር ይሠራል። ልብ ስትመታ ከፍ፣ ዝቅ ይላል። ቀዳዳው አልታይ ካለ፣ ፍሎሬሲን የተባለ ማቅለሚያ በጣም ቀጥኖ በወገብ በኩል ይሰጣል፤ ከአፍንጫ ጣሪያ የሚወርደውም ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ከዚያ የቀዳዳው ጠርዝ ይጠረጋል፤ ሽፋኑ ካልተፋቀ መጣፊያው አይዝም፤ ያረጀ ግድግዳ ሳይፋቅ ቢለሰን እንደማይይዘው ነው። ከሆድ ትንሽ ስብ፣ ወይም ከጭን ሽፋን ይወሰዳል። አንዱ ከአጥንቱ በላይ፣ ሌላው ከአጥንቱ በታች ይሆንና ቀዳዳው በሁለት በኩል ይጣፋል። ፊት ላይ አንድም የምላጭ ምልክት የለም። ከመጀመሪያው ሙከራ የሚሳካለት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ነው።

… ቀዳዳው ሰፊ ሲሆን ግን ከሌላ ቦታ የመጣ መጣፊያ ደም ስለማያገኝ ሊሞት ይችላል። መፍትሔው ከአርጀንቲና፣ ከሮሳሪዮ ከተማ መጣ። ጉስታቮ ሃዳድና ሉዊስ ባሳጋስቴጊ የአፍንጫን መካከለኛ ግድግዳ ሽፋን ከነደም ሥሩ ገልጠው ወደ ላይ አዞሩት። መጣፊያው ከእናቱ ሳይለይ ቀዳዳው ላይ ተኛ። ሥራቸው የታተመው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ በፊት በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

… ይህ ሥራ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። የአንገት በላይ ሐኪሙ አፍንጫውን ያውቃል፤ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ከጣሪያው በላይ ያለውን ያውቃል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንድ ስክሪን እያዩ፣ በአራት እጅ ይሠራሉ።

… የጎንደር የጤና ትምህርት ቤት በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት መነሻው ቀዶ ሕክምና አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደምቢያን ያጠቃው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ያወጣቸው የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የንጽሕና ባለሙያዎች አብረው በቡድን ወደ ገጠር እንዲወጡ ነበር የሠለጠኑት። የሐኪሞች ትምህርት የተጀመረው በ1978፣ ከጀርመኑ ላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። እኔ ይህን የማነሳው ለዚህ ነው። የአፍንጫ ውሃ ታሪክ የሚጀምረው ከኢንዶስኮፑ ፊት አይደለም። የሚጀምረው ዳባት ወይም ጃናሞራ ላይ፣ ቀድሞ «ብርድ አይደለም» ባለው የጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው።

… የመንገደኛ አውሮፕላን ክፍል ውስጥ ያለው አየር የሚጠበቀው ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ አየር ልክ ነው። ደባርቅ ከዚያ በላይ ናት። ደባርቅ ተወልዶ ያደገ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከአውሮፕላን ውስጥ በሳሳ አየር ይኖራል ማለት ነው። ይህ ከያዝነው ጉዳይ ጋር ይገናኛል። በቀዳዳው አየር ወደ ራስ ቅል ከገባ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ሲወጡ ያ አየር ይሰፋል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጣ ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ጭማሪ አለው። ለዚህ ነው ሐኪሞች የራስ ቅል ውስጥ አየር ያለበትን ሰው አውሮፕላን እንዳይሳፈር የሚከለክሉት። ወደ ደጋ የሚመለስም ሰው ከመውጣቱ በፊት ከሐኪሙ ይመካከር።

… ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማስነጠስ ቢመጣ አፍን ከፍቶ ነው። አፍንጫን ይዞ ማስነጠስ አየሩን በመጣፊያው ላይ ይለቀዋል። መናፈጥ ክልክል ነው። ሆድ ድርቀትም ጠላት ነው፤ ማማጥ የጭንቅላትን ግፊት ከፍ ያደርጋል። በጥምቀት የፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ዘሎ መግባት ለዚያ ዓመት ይቅር።

… ከባድ ሸክም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አይነካም። ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። የደጋ እናት ይህን ከምንጭ እስከ ቤት አዝላ ትወጣለች፤ እንጨቱም አለ፣ ልጁም አለ። «አትሸከሚ» ብሎ ካርድ ላይ መጻፍ ብቻ አይበቃትም። አስታማሚው፣ ባሏም ሆነ ልጇ፣ ሐኪሙ ፊት አብሮ ይቁምና ጀሪካኑን ማን እንደሚያነሳ እዚያው ይናገር። መጣፊያው የሚይዘው በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ በተሠራው ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ሳምንታትም የሕክምናው ክፍል ናቸው።

… በክትትል ቀን ሐኪሙ በኢንዶስኮፑ ካየ በኋላ ቀላሉን ምርመራ ያስከትላል። «እስቲ ጎንበስ ይበሉ» ይላል። ታካሚዋም ነጠላዋን ሰብስባ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አገጯን ወደ ደረቷ ታስጠጋለች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከአፍንጫዋ ሥር የያዘችው ሶፍት ደረቅ ነው።